ሁለት ስም ያለበት ንድፍ

(በሞጆ ደረቅ ወደብ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው በዘንድሮው ጉብኝታችን ላይ ስለ ትምህርትና ስለ ባህል ሕንፃዎች ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ፣ ንግግሩ የሚደረገው በሞጆ ደረቅ ወደብ መሆኑን ስሰማ ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር። ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ቴያትር ቤት የሚናገር ሰው በክሬንና በኮንቴይነር መካከል ቆሞ ምን ይላል ብዬ ነበር። ዛሬ ጧት ግቢውን ስንዞር ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። እንደ ግንብ ተደራርቦ ባየነው ሣጥን ውስጥ የእኛም ሙያ ታሽጎ ተቀምጧል። በንድፋችን ላይ የምናዘው መስታወት፣ የአሉሚኒየሙ ፍሬም፣ የወለሉ ንጣፍ፣ የሊፍቱ ሞተር፣ ከብዙ በጥቂቱ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በዚህ በር የሚያልፍ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህም ይህ ስፍራ ወደብ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሕንፃዎቻችን መልክ የሚያልፍበት ደጃፍ ሆኗል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በጉብኝቱ ላይ ከመካከላችን አንድ ወጣት ባልደረባ «ባዶውን ኮንቴይነር መማሪያ ክፍል ብናደርገውስ?» ሲል ቀልዶ ነበር። እኔ ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ያዝሁት። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር በውጭ በኩል 6 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው፤ የውስጡ ስፋት 14 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ብንመድብ፣ ከነመምህሩ 13 ሰው መያዙ ነው። በዚህ አገር አንድ መምህር 12 ልጆች ብቻ ይዞ ቢያስተምር እንዴት ደስ ባለን! የብረቱ ግድግዳ በሞጆ የቀትር ፀሐይ ምን እንደሚሆን ግን እጁን ያስነካ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ዛሬ ጧት አስነክቼ አውቄዋለሁ።

ልናገርበት የመጣሁት ጉዳይ ሽርክና ነው። ሁለት አርኪቴክቶች አንድ ጽሕፈት ቤት ከፍተው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ስም ጽፈው፣ ለትምህርትና ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎችን ስለሚነድፉበት አሠራር ነው። ለዚህ ደግሞ በአገራችን ታሪክ ከዛልማን ኤናቭና ከሚካኤል ቴድሮስ ጽሕፈት ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ኤናቭ እስራኤላዊ ነበር። በአገሩ በሃይፋው ቴክኒዮን፣ ከዚያም ለንደን በሚገኘው የአርኪቴክቸር ማኅበር ትምህርት ቤት ውስጥ በተቋቋመው የትሮፒካል አርኪቴክቸር ክፍል ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከኢትዮጵያዊው አርኪቴክት ከሚካኤል ቴድሮስ ጋር ተሸርኮም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በከተማይቱ ውስጥ በርካታ ሥራዎችን ሠሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ፣ የካርታና የጂኦግራፊ ድርጅት ሕንፃ፣ የፍልውሃ መታጠቢያ፣ እንዲሁም በ1954 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ የመማሪያ ክፍሎች የእነርሱ ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማ ያስቆረቆራቸው ፍልውሃ በዚህ ጽሕፈት ቤት እጅ አዲስ ሕንፃ ማግኘቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። መታጠቢያ ቤት እንደ ትምህርት ቤት ሁሉ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነውና፣ ከርእሴ ወጣህ የሚለኝ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለዚያ የለንደን ትምህርት ጥቂት ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1953 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስለ ሞቃት አገሮች አርኪቴክቸር አንድ ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የተጠቀሰው ክፍል ተከፈተ። ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ በ1956 ያሳተሙት መጽሐፍም ለብዙዎች መመሪያ ሆነ። ነገር ግን መጽሐፉ፣ ርእሱም እንደሚናገረው፣ ስለ እርጥበታማው የሞቃት ቀጣና የተጻፈ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፣ ላብ በማይደርቅበት አየር ውስጥ የተገኘ ዕውቀት ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጧት ብርድ የሚያንዘፈዝፋት፣ ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታት፣ በክረምት ደግሞ ሰው ካፖርት ለብሶ የሚማርባት ከተማ ናት። ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ቢመሳሰልም፣ ከፍታዋ ሌላ አገር ያደርጋታል። እንግዲህ ከለንደን ተምሮ የመጣ ሰው ትምህርቱን እዚህ በቀጥታ ሊተገብረው አይችልም። አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ «እዚህስ እንዲህ አይደለም» ሊለው ይገባል።

ሸሪክ ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ሰው ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የትኛውን መሥመር ማን እንዳሰመረ ንድፉ አይናገርም፤ እኔም ልናገር አልደፍርም። ነገር ግን ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት ቢያንስ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ ሐሳቡ ከአንድ ራስ ወጥቶ ሳይፈተን ወደ ግንበኛው አልሄደም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባል የለ?

ታዲያ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ስለ እነዚህ ሕንፃዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው «እስራኤላዊው የሠራው» የሚል ነው። ሁለተኛው ስም ከአፋችን ወድቋል። የውጭ አገር ተመራማሪዎችማ ሁለቱንም ስሞች አንድ ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ስሙን የጣልነው እኛው ነን። ይህን የምለው የውጭውን ሰው ድርሻ ለማሳነስ አይደለም። በዚያ ዘመን ከተማይቱን ከሠሯት ሰዎች ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም የሚከበር ነው። ፈረንሳዊው ሔንሪ ሾሜት እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተውን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለውን ሕንፃ ሠራ። ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ሠራ። የአፍሪካ አዳራሽ ስንል ግን 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን፣ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አብረን እንጠራለን፤ ሁለቱን ለያይቶ የሚያስብ የለም። አንድ አዳራሽ ሁለት ባለቤት እንዲኖረው ሲፈቀድ እንዲህ ይሆናል። በቴያትር ቤቱ ደጅ የቆመውን፣ የሞሪስ ካልካን የድንጋይ አንበሳም ማንም ከሕንፃው ለይቶ አያየውም። ሠዓሊ ሲሆን ስሙን እናስታውሳለን፤ በንድፍ ወረቀት ላይ አብሮ የሠራው ሲሆን እንረሳለን። ምክንያቱን ብዙ አስቤበታለሁ። ምናልባት ሠዓሊው ሥዕሉ ላይ በእጁ ስለሚፈርም ይሆን?

ሽርክና በሁለት አርኪቴክቶች ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መካከል በስዊድን እርዳታ በልደታ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ከሁለት አገሮች ሽርክና የተወለደ ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎች የወጣነውም ከዚያው ግቢ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በገጠር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚያሠራ ክፍል ሥራ ጀመረ። የዚህ ክፍል ሥራ በመጽሔት ላይ ብዙም አይታይም፤ ለፎቶግራፍ የሚያምር ነገር የለውምና። ቀላል ፕላን፣ የተለመደ መጠን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ነገር ግን የአካባቢው ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት ጨምሮ፣ ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ ከባለሙያው ጋር አብሮ የሠራው ሕንፃ ነው። እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተምሬአለሁ። አባቴ ለዚያ ክፍል ድንጋይ ተሸክሞ እንደነበር የነገረኝ አርኪቴክት ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ያውም በጨዋታ መካከል፣ የትኛው ማዕዘን እንደሆነ እየጠቆመ። የእርሱ ስም በየትኛውም ንድፍ ላይ የለም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ይህን ለመናገር ከራሴ ጋር ብዙ ተሟግቻለሁ።

ከዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ከተሞች በአንዲቱ፣ ሐይቅ አጠገብ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና አዳራሽ እንድነድፍ ታዘዝሁ። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት አርኪቴክት ነበር። ሸሪኬ ነበር እንጂ ተቀጣሪዬ አልነበረም፤ ይህን አስምሬ የምናገረው ያን ጊዜ ራሴ ስለዘነጋሁት ነው። ልጁ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነበር። የእኔ ሐሳብ የንባብ አዳራሹ ሐይቁን እንዲያይ፣ ማለትም ምዕራባዊው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት እንዲሆን ነበር። ንድፉን ሲያይ ትንሽ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ በእኛ አገር ከቀትር በኋላ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ የሚቀመጥ ሰው የለም» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። አባባሉን ወደድሁት፤ ምክሩን ግን አልተቀበልሁም።

ምክሩ ደግሞ ተረት ሳይሆን ስሌት ነበር። ሞጆ፣ አዳማና በዙሪያቸው ያሉት ከተሞች ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናቸው። በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ ማብቂያ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። በሰኔ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ ያህል፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህም ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት አንድ ሜትር የሚወጣ የጣሪያ ክፈፍ ካለው፣ በታኅሣሥ ቀትር እንኳ አንድ ሜትር ተኩል ጥላ ያገኛል፤ በሰኔ ግድግዳው በሙሉ ይጠለላል። ምዕራብ ግን ሌላ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ያው አንድ ሜትር ክፈፍ የሚሰጠው ጥላ 60 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቀረው መስታወት ሁሉ ለፀሐይ ክፍት ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ሐይቁ ግን ያምር ነበር።

መስታወቱ ከውጭ አገር ታዘዘ። ኤልሲ እስኪከፈት ወራት ፈጀ። ዕቃው ከደረሰ በኋላም በሰነድ ጉድለት ምክንያት ታግዶ ቆየ፤ ጉድለቱም የእኔ ነበር፣ በዝርዝሩ ላይ የጻፍሁት ውፍረትና በደረሰኙ ላይ ያለው አልገጠመም። ትራንዚተሩ በየሳምንቱ ስልክ ይደውልልኝ ነበር፤ የመጋዘን ኪራዩም ይቆጥር ነበር። በዚያ መካከል የትምህርቱ ዓመት ተጀመረ። ምዕራባዊው ግድግዳ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ላስቲኩን ሲያንኳኳው፣ ልጆቹ መማር ጀመሩ። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ይህን ይረዳዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 በአዳማ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ ለወሬ ብቻ ስላልሆነ ነው።

መስታወቱ ከተገጠመ ከአንድ ዓመት በኋላ ሄጄ አየሁ። መስታወቱ ከታች እስከ ሰው ቁመት ድረስ በካርቶንና በአሮጌ ጋዜጣ ተሸፍኗል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ በጣም ትሑት የሆኑ ወይዘሮ፣ እንዳላፍር ብለው ይመስለኛል፣ «ልጆቹ ጧት በዚህ በኩል ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከጥላው ጋር ይዞራሉ፤ ለምደውታል» አሉኝ። ወንበሮቹ ሲጎተቱ ወለሉን የቧጨሩበት መሥመር የፀሐይዋን መንገድ ተከትሎ ይታይ ነበር። ከመጻሕፍቱም ወደ ምዕራብ የዞሩት መደርደሪያዎች ላይ ያሉት ጀርባቸው ገርጥቷል።

ከዚህ የባሰውን ያወቅሁት ቢሮዬ ተመልሼ ንድፉን ስገልጥ ነው። በወረቀቱ ጥግ፣ ስም በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ፣ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሁለታችን ስም ነበረ፤ በመጨረሻው ላይ ግን ሣጥኑ ጠባብ ነው ተብሎ አንዱ ቀርቷል። ሣጥኑን ያጠበበው ማን ነው? እኔ ነኝ። ወጣቱ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም፤ በዚያው ዓመት ግን ሽርክናውን ትቶ ሄደ። በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱ ጠርቶት፣ በመስታወቱ ፊት ሰፊ በረንዳ በጥርብ ድንጋይና በባሕር ዛፍ ሠራለት፤ ካርቶኑም ተነሣ። በረንዳውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሐይቁ ከበረንዳው ሥር ሆኖ ሲያዩት ከመስታወቱ ውስጥ ሲያዩት ከነበረው የበለጠ ያምራል።

ይህ የቆየ ታሪክ ነው፣ ለምን ታነሣዋለህ የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። የማነሣው በዙሪያችን የሚሠሩት የትምህርትና የባህል ሕንፃዎች እየበዙ ስለሆነ ነው። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዋንና ገልማ አባ ገዳን የያዘች ከተማ ናት፤ በዚህ መሥመር ላይ ባሉት ከተሞች ሁሉ ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ይነደፋሉ። በዚህ ምድር ሥር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ሀብት አለ። ቀይ አመዱ፣ ለብሎኬት የሚሆነው ቀላሉ ፐሚስ፣ ለጥርብ የሚመች ድንጋዩ፣ ሁሉ ከዚህ ግቢ አጥር ውጪ ያለ ነው። በኮንቴይነር የሚመጣውን ሁሉ እንተው አልልም፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ ከጉድጓድ አይቆፈርም። ግን አንድ ነዳፊ ዝርዝር ሲጽፍ አጠገቡ ሁለተኛ ሰው ኖሮ፣ «ይህስ ወደቡ ድረስ ሳንሄድ አይገኝም ወይ?» ቢለው፣ ዛሬ ጧት ካየናቸው ሣጥኖች ጥቂቶቹ እዚህ ባልተደረደሩ ነበር።

ሁለተኛው ሰው ደግሞ ስሙ ካልተጻፈ አይናገርም። ወይም አንድ ጊዜ ተናግሮ ይተዋል።

ስለዚህም ለማኅበራችን ሁለት ነገር ላቀርብ እወዳለሁ። አንደኛው በአሮጌዎቹ ጽሕፈት ቤቶች የነበሩት ንድፎች ጉዳይ ነው። የኤናቭና የቴድሮስም ሆነ የሌሎቹ ንድፎች በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ በየቤተሰቡ ሣጥን ተጠቅልለው ያሉ ካሉ፣ አይጥና እርጥበት ሳይቀድመን እንሰብስባቸው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳ አካባቢ በኮሪደር ልማት የፈረሱትን አሮጌ ቤቶች ሁላችንም አይተናል። መፍረሱ ተገቢ ነው አይደለም በሚለው ላይ ከመካከላችን የተለያየ አስተያየት ያለን መሆኑን አውቃለሁና ክርክሩን ዛሬ አልከፍተውም፤ ነገር ግን ሕንፃው ሲሄድ የሚቀረው ወረቀቱ ነው፤ በወረቀቱም ላይ ማን ማን እንደነበረ የሚቀረው በዚያች ጥግ ባለች ሣጥን ነው። ሁለተኛው ሣጥኗን ይመለከታል። ማኅበሩ ለአባላት በሚያዘጋጀው የንድፍ ወረቀት አብነት ላይ ለስም የሚሆነው ስፍራ ይስፋ። ቢያንስ አራት መሥመር ይኑረው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ኮሚቴም የማያስፈልገው ጉዳይ ይመስለኛል።

ያን ንድፍ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። በአዳራሹ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መመልከት የሚፈልግ ይገልጠዋል። ሁለተኛውን ስም ባለፈው ሳምንት በእጄ ጽፌበታለሁ፤ ባለ ስሙንም ስልክ ደውዬ አስፈቅጄዋለሁ። «ጋሼ፣ ቀኑንም ጻፈው» ብሎኛል፤ የጻፍሁት የዛሬ ሳምንቱን ቀን ነው እንጂ የድሮውን አይደለም።

 ጥያቄ ካላችሁ፣ ክሬኑ ሥራ እስኪጀምር ጥቂት ጊዜ አለን።